ጋሼ፣ እርሳስ ይዘው ያንብቡት፦ ለአንድ የደሴ አንባቢ የተሰጠ ምላሽ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዘንድሮ ስላነበቧቸው ልቦለዶችና ግለ ታሪኮች የጻፉትን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ከደሴ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ጨርሼው ነበር፤ በጣምም ተናድጄ ነበር። ሁለተኛ ከሳምንት በኋላ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ንዴቱ በረደ። የምመልሰው ግን አልጠፋም።

ጽሑፍዎን ላላዩ ሰዎች ባጭሩ ልንገር። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዘንድሮ ዘጠኝ መጻሕፍት አንብበው አብዛኞቹን ጊዜዬን በሉት ብለዋል። የደርግ ባለሥልጣናት የጻፏቸው ግለ ታሪኮች ራስን ማጠቢያ ናቸው ይላሉ። እንዲያውም ግለ ታሪክ የሚባለው ሁሉ እንደዚያ ነው ይላሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ተንዛዝቷል፤ ስሙን ያገነነው የሬዲዮ ድምፅ ነው። «ኦሮማይ» የጋዜጣ ዘገባ ነው፤ የታወቀውም ደራሲው ስለጠፋ ነው። አዳም ረታ እንቆቅልሽ ነው። «ማማ በሰማይ» ታሪክ ተብሎ የቀረበ የፍቅር ደብዳቤ ነው። ወጣቱ ማንበብ ትቷል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወሎ ለአገሩ ትዝታን የሰጠው በዜማ እንጂ በመጽሐፍ አይደለም ብለው ዘጉት።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ምሁር አይደለሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ቡና ሲፈላ ለእናቴና ለጎረቤቶቻችን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ካቦል እስከ በረካ አንድ ሁለት ምዕራፍ ይሄዳል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከጎረቤቶቻችንም ሁለቱ አልተማሩም። እርስዎ በዓይንዎ ያነበቧቸውን መጻሕፍት እኔ በስድስት ሰው ጆሮ ነው ያነበብኳቸው። ስለዚህ የምለው አለኝ።

ከምስማማበት ልጀምር። ስለ ሦስቱ የደርግ መጻሕፍት ያሉት ብዙው ልክ ነው። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»፣ የኮሎኔል ፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»። ሦስቱም በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አገር ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሐራሬ በስደት ሆነው ጻፉ። ሁለቱ መጽሐፋቸውን ለአንባቢ ያደረሱት 20 ዓመት ገደማ ታስረው ከወጡ በኋላ ነው። ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል አሉ። ይቀስራል። አልክድም።

ግን ጋሼ፣ እርስዎ መጻሕፍቱን ያነበቧቸው እንደ ዳኛ ነው። ዳኛ ምስክሩ ሲዋሽ ካገኘው ቃሉን ውድቅ አድርጎ ያሰናብተዋል። አንባቢ ግን የሚሸሽ ምስክር ሲያጋጥመው ወንበሩን ይበልጥ ማስጠጋት አለበት። የሚሸሸው ከምንድን ነው? የት ቦታ ሲደርስ ነው ቃሉ የሚያጥረው? ለእኔ ንባቡ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እኔ እርሳስ ይዤ ነው ያነበብኳቸው። መጀመሪያ ርዕሶቹን አየሁ። «ትግላችን» ይላል አንዱ፤ የሁላችን ነው ማለቱ ነው። «እኛና አብዮቱ» ይላል ሌላው፤ ከ«እኛ» ይነሣል። «አብዮቱና ትዝታዬ» ይላል ሦስተኛው። ከሦስቱ «የእኔ» ያለው አንዱ ብቻ ነው። እሱም የእኔ ያለው ትዝታውን ነው፤ አብዮቱን አይደለም። ገና ሽፋኑን ሳንገልጥ ሦስት ሰዎች ከአንድ ዘመን ጋር ያላቸውን ርቀት ነገሩን።

ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። «ተወሰነ»፣ «ተደረገ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» የሚል ግስ ባገኘሁ ቁጥር አከብባለሁ። ማን ወሰነ? ግሱ አይናገርም። አማርኛችን አድራጊውን ደብቆ ድርጊቱን መናገር ይችልበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ጥር 26 ቀን 1969 የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ተገደሉ። አሁን እኔ ራሴ የጻፍኩትን ይመልከቱ። «ተረሸኑ»፣ «ተገደሉ»። እኔም አድራጊውን ዘለልኩት። እጃችን የለመደው ነገር ነው። እነዚህን ቀኖች ሦስቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግተው ቢያነቧቸው፣ አንዱ የሚያሳጥረውን ሌላው ያረዝመዋል። አንዱ «እኛ» የሚልበት ቦታ ሌላው «እሳቸው» ይላል። እርስዎ አንዱን ጨርሰው ጣሉ፤ ከዚያ ሌላውን ጨርሰው ጣሉ። ለየብቻ ከተነበቡ በእርግጥ ጊዜ ይበላሉ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይመሰክራል።

«እርምጃ» የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ አሳስባኛለች። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ግለ ታሪክ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ይባላል። እዚያ እርምጃ ማለት ወደ ፊት መሄድ ነው፤ መሻሻል ነው። ጥቂት ዓመታት አለፉና በደርግ ሬዲዮ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ሰዎች ተገደሉ ማለት ሆነ። እናቴ ዛሬም ይህን ቃል በዜና ስትሰማ እጇ ላይ ያለው ሲኒ ይቆማል። የንጉሡ መጽሐፍ የታተመው በ1965 ነው። በዚያው ጊዜ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። መጽሐፉ የሚተርከው እስከ ስደቱ ዘመን ድረስ ስለሆነ ረሃቡን አልጻፉትም ብዬ አልወቅስም። ግን ርዕሱንና ዓመተ ምሕረቱን አንድ ላይ ሳያቸው ልቤ ይደማል። እንዲህ ያለውን ነገር የማገኘው መጽሐፉን ስላልጣልኩት ነው።

ግለ ታሪክ ሁሉ ራስን ማጠቢያ ነው የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም። የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፍ ርዕሱ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። ያቺን «ከ» ልብ ይበሏት። ሁሉን አየሁ አላሉም። ሁሉን አስታውሳለሁ አላሉም። ካየሁት ውስጥ፣ ከማስታውሰው ውስጥ ጥቂቱን እነሆ ነው ያሉት። ይህን ትሕትና ዘጠኙ ውስጥ አላካተቱትም።

ሌላ ልጨምርልዎ። በ1959 የታተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ያውቁታል፤ እንደ እርስዎ ያለ መምህር ሳያውቀው አይቀርም። አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው። ትዝታቸውን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በቴፕ ቀድቶ፣ እንደተናገሩት አድርጎ ጻፈው። እኔ ጮክ ብዬ ሳነበው ጎረቤታችን «ይሄ ሰውዬ እዚህ ከእኛ ጋር ቡና እየጠጣ ነው እንዴ?» ብላለች። ራሱን የሚያጥብ ሰው እንዲህ አይናገርም። ያ መጽሐፍ ለእኔ ትልቅ ነገር አስተማረኝ። ግለ ታሪክ ለመጻፍ ሚኒስትር መሆን አያስፈልግም። የሚያወራ አዛውንትና የሚያዳምጥ ልጅ ካሉ ይበቃል።

ወደ ልቦለዶቹ ልለፍ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ዝናው በሬዲዮ የተረከው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው አሉ። የወጋየሁ ድምፅ ድንቅ ነው፤ በዚህ አንጣላም። ግን እኔ የወጋየሁ ድምፅ የለኝም። ጉሮሮዬ ቶሎ ይዘጋል። በየመሃሉ ውኃ እጠጣለሁ። ያም ሆኖ መጽሐፉን ጀምሬ እስክጨርስ አምስት ወር ያህል ሲፈጅ፣ ከስድስቱ ሰዎች የቀረ አልነበረም። አንዷ ልጇ ታሞባት የቀረች ጊዜ በነጋታው መጥታ የተነበበውን አስደገመችኝ። በእኔ ድምፅ ይህን ካደረገ፣ ኃይሉ ያለው ጽሑፉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የበዛብህን ወላጆች ታሪክ ለምን መጀመሪያ ላይ ያን ያህል ያስረዝሙታል ብለው ጠይቀዋል። ገጾች መዝለልዎንም ጽፈዋል። ጋሼ፣ የዘለሉት እኮ ዋናውን ነገር ነው። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ደራሲው ከእናትና ከአባቱ ጋር ያን ያህል ያቆዩን፣ በኋላ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሲወዳት ከእሱ እኩል እንድንፈራ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ስለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ግሸን ማርያም የተሳለ አለ። የሙስሊሞቹ መዘየሪያ ጀማ ንጉሥ የተሳለ አለ። ያ ክፍል ሲነበብ ሁለቱም ዓይነት ሰው ከቡናው ዙሪያ ነበር። በኋላ በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለን ማስተማር ሲጀምር ግሸን የተሳለችው ጎረቤታችን ከንፈሯን መጠጠች። «አይ፣ ስለቱ አይለቀውም» አለች። ገና ምንም ሳይሆን! ያን መጀመሪያ ያልሰማ ሰው ያን ፍርሃት አያገኘውም። እርስዎ ተንዛዛ ያሉት ለእሷ ዕዳው የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ ግለ ታሪክም ጽፈዋል፤ «ትዝታ» ይባላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሽሬ ግንባር ዘምተው፣ በኋላም ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው የኖሩ ሰው ናቸው። ልቦለዱ ለእርስዎ ካልተራመደ «ትዝታ»ን ያንብቡና ተመልሰው ይምጡ። ያን ያህል የታሰረ ሰው የጊዜን ርዝመት የሚያውቀው ከእኛ በተለየ መንገድ ነው።

«ኦሮማይ» ላይ አልቆይም። ዘገባ ነው ያሉት ለመንቀፍ ነው። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ አስመራንና በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛ ዓይን አየ። እኔ ይህን እንደ ጸጋ ነው የምቆጥረው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ የእያንዳንዳችንን ንባብ ያከብደዋል፤ እውነት ነው። ግን ዘገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘመቻው ሲያልቅ አብሮ ያልቅ ነበር። የእኛ ቤት ሴቶች ስለ ዘመቻው አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ በልቦለዱ ውስጥ ስላለችው ስለ ፊያሜታ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም በሚያምንበትና በሚጠራጠረው መሃል ሲዋልል ደግሞ፣ ልጇ ወታደር የነበረች አንዲት እናት «እንዲህ ነበር የሚጽፍልኝ፤ ግማሹን ደብቆ» አለች። እንዲህ የሚያናግር ዘገባ አይቼ አላውቅም።

ስለ አዳም ረታ የምነግርዎ እውነቱን ነው። እኔም ተቸግሬያለሁ። «የስንብት ቀለማት»ን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ለቡና ንባብም አይሆንም፤ ሞክሬ ሰዎቹ ተኙብኝ። ግን እንቆቅልሽ ነው ብሎ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ደራሲው አጻጻፉን ሕጽናዊነት ይለዋል፤ ምሳሌውም እንጀራ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ እናቴ ስትጋግር ቆሜ አየሁ። ዓይኖቹ ከላይ የተለያዩ ይመስላሉ። ሊጡ ግን አንድ ነው፤ ከሥር የተያያዘ ነው። የአዳም ታሪኮችም እንደዚያ ናቸው። አንዱ ገጽ ላይ ያለፈ ሰው ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ትንሽ የሚመስል ዕቃ ብዙ ገጽ ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። በቀጥታ መስመር ከሄዱበት ይጠፋብዎታል። «ግራጫ ቃጭሎች»ን በዚህ መንገድ፣ ሳልቸኩል፣ በቀን አምስትና ስድስት ገጽ እያልኩ ጨረስኩት። ሁሉም ገባኝ አልልም። ከጨረስኩት በኋላ ግን የሰፈሬን ሽታ፣ የምግቡን፣ የዝናቡን፣ በደንብ ማሽተት ጀመርኩ። ከልቦለድ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

አሁን የከነከነኝ ላይ ደረስኩ። «ማማ በሰማይ»ን የፍቅር ደብዳቤ አሉት። ሕይወት ተፈራ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፋ በኋላ በአማርኛ ቀረበልን። ደርግን በተቃወመው ድርጅት፣ በኢሕአፓ ውስጥ ያለፈች ሴት ናት፤ ለዓመታትም ታስራለች። የወደደችው ሰው ጌታቸው ማሩ ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ነበር። የተገደለው ደግሞ በደርግ እጅ አይደለም፤ በራሱ ድርጅት እጅ ነው። ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያስቡት። አንዲት ወጣት ሕይወቷን የሰጠችው ድርጅት የምትወደውን ሰው ወሰደባት። እሷ ግን ከድርጅቱ መውጫ አልነበራትም፤ ውጭው ደግሞ ደርግ ነው። ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምንድን ነው? የትኛው የድርጅት መግለጫ ነው ይህን የሚነግረን? ፍቅሩን ከመጽሐፉ ቢያወጡት ፖለቲካውም አብሮ ይወጣል፤ የተሰፋው በአንድ ክር ነው። ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። አንዳንድ ስፌት ሲፈታ ልብሱ ይቀራል። አንዳንዱ ሲፈታ ግን ልብስ የሚባል ነገር አይቀርም።

ወንድ ሆኖ እስር ቤት ስለ ሚስቱ ቢጽፍ «ሰብዓዊ ነው» እንለዋለን። ሴት ስትጽፈው «የፍቅር ደብዳቤ» እንላለን። እርስዎ ይህን አስበው እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምነግርዎ።

ወጣቱ ማንበብ ትቷል ያሉትን በአጭሩ ልለፈው። እኔ ጋ ልብስ የሚያሰፉ ልጆች ተራ ሲጠብቁ ስልካቸው ላይ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ትረካ ያዳምጣሉ። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ለደራሲው ሳንቲም እንደማያስገኝ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛል። ግን አንድ መጽሐፍ የቀን ገቢያቸውን ሲበላ፣ አያነቡም ብሎ መፍረድ ይከብደኛል። ድሮ በቀን በሳንቲም መጽሐፍ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ። እኔን አንባቢ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው። እንደገና ቢመጡ ምንኛ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ወሎ። ትዝታን በዜማ እንጂ በመጽሐፍ አልሰጠም ብለዋል። ጋሼ፣ ይህን የጻፉት ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ተቀምጠው ነው! ሐይቅ እስጢፋኖስ መጽሐፍ ሲጻፍበትና ሲጠበቅበት የኖረ ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዛሬ በሊቃውንት ይጠቀሳል። በሌላ በኩል የወሎ ሼሆች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ዐጀም የምንለው ነው። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዐጀም የጻፉት ግጥም ስለ ዘመናቸው መከራም ይናገራል። መንዙማ ሲባል ዜማው ብቻ ይታወሰናል፤ ግን ብዙው ተጽፎ የኖረ ነው። እነዚህ ግለ ታሪክ አይደሉም ይሉኝ ይሆናል። እሺ። ወሎ መጽሐፍ የለውም የሚለውን ግን ይሰርዙልኝ።

የታሪኩ ሥፍራም እኛው ነን። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሡ እዚሁ ነበሩ፤ ራሳቸው ሲተኩሱ የተነሡትን ፎቶ ሁላችንም አይተነዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ትዝታ በደሴ በኩል ሳያልፍ አይሄድም።

ከሁሉም በላይ ግን የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» አለ። ሦስት ቅጽ ነው። የመጀመሪያው፣ «የአብዮት ዋዜማ»፣ የወሎን ረሃብ ይዞ ነው የሚነሣው። ደራሲው ወሎዬ አይደለም። መጽሐፉ ግን የእኛ ነው። ከዘጠኙ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ቤታችን የሆነውን ልንገርዎ።

ያነበብኩት በአንድ እሁድ ከሰዓት ነው። ቶናው ተቀድቶ ነበር። ረሃቡ ያለበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ፤ አለቀስኩ። ጎረቤታችን «አብሽሪ፣ ትንሽ እረፊ» አለችኝ። እናቴ ግን ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «አንቺ ለምን ታለቅሻለሽ? የራበው ሰው እኮ አያለቅስም። እንባው የሚመጣው ከበላ በኋላ ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀጠለች። በ66 ልጅ ሆና ከወረባቦ ወደ ደሴ በእግር እንደመጣች ነገረችን። ታናሽ ወንድም እንደነበራት ነገረችን። እኔ አርባ ዓመት ከእሷ ጋር ኖሬ አጎት እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። ስሙን ያን ቀን ሰማሁት። መንገድ ላይ የቀረበትን ቦታም ነገረችን። ማንም አላቋረጣትም። በረካው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ጋሼ፣ ያ መጽሐፍ ልቦለድ ነው። ሰዎቹ የደራሲው ፈጠራ ናቸው። ግን ሰው የፈጠረው ታሪክ እውነተኛውን ከእናቴ አፍ አወጣው። እኔ ስጠይቃት ያልነገረችኝን፣ ለመጽሐፉ መለሰችለት። በእኔ ዕይታ ልቦለድና ግለ ታሪክ የሚለኩት በዚህ ነው። የጎደለ መጽሐፍ አለ፤ ሁሉም ይጎድለዋል። የሚዋሽም አለ። ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ፣ ከአድማጮቹ አንዷ «የለም፣ እንዲህ ነው የሆነው» ብላ ትነሣለች። እርስዎ የጎደለውን አይተው ዘጉት። እናቴ የጎደለውን አይታ ሞላችው።

ያን ማታ ቃሏን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ቤታችንን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፤ የልብስ ስፌት መኪናዬም የለም። መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተበትነው ነበር። የ«ማዕበል» ሽፋን ተገንጥሏል። ያቺን ገጽ እስካገኝ ድረስ ልቤ አልተመለሰም። አገኘኋት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንደ ልጅዎ ቆጥረው ይፍቀዱልኝ። ጽሑፍዎ መሃል ላይ አንድ መስመር አለች። በ1966 እርስዎም ደሴ ተማሪ እንደነበሩ፣ ያዩትንም እንዳዩ ጽፈው አለፉ። «ያየሁትን አይቻለሁ» ነው ያሉት። ስለ ሌሎች ሰዎች መጻሕፍት ያን ሁሉ ገጽ ጽፈው፣ ስለዚያ አንድ መስመር ብቻ! በሁለተኛው ንባቤ እርሳሴ የቆመው እዚያ ላይ ነው። አከበብኩት። ምን አዩ? የትኛው መንገድ ላይ? እርስዎና ጓደኞችዎ ምን አደረጉ? ሳታደርጉ የቀራችሁትስ? ከዘጠኙ መጻሕፍት ይልቅ እኔ ማንበብ የምፈልገው ይህንን ነው። እናቴም መስማት ትፈልጋለች። በዚያ ጊዜ እሷ የመጣችበት መንገድ ዳር ቆመው ይሆናል።

«ማዕበል»ን ደሴ ካጡት የእኔን ላውስዎ። ቅዳሜ ክርና ገበር ልገዛ ፒያሳ እወጣለሁ፤ ይዤው እመጣለሁ። ሽፋን የለውም፤ ገጾቹ ግን ሙሉ ናቸው። በጠርዙ ላይ ያለውን የእናቴን ቃል እንዳያጠፉብኝ። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ። እርሳሱን እዚያው ገጽ ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።